ድንኳን በእገዳ ወቅት፦ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለማደር መናገሻ፣ ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ አዋሽ ወይስ ጓሳ?

ወረርሽኝ ገብቶ እንቅስቃሴ ሲገደብ ሆቴል ማደር ያሳስባል፣ ዘመድ ቤት መሄድም ዘመድን ማሳቀቅ ይሆናል። ያኔ ብዙ ሰው ድንኳን ትዝ ይለዋል፤ ነፋሻ ሜዳ፣ የራስ ምግብ፣ የራስ መኝታ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ቦታ ሲመረጥ ነው፤ ሰው በደኅናው ጊዜ እንደለመደው በፎቶ ይመርጣል። ድንኳኑ ውስጥ የሚያድሩት የቤት ሰዎች ስለሆኑ ሌሊቱ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጉት የነዳጅ ማደያው ወረፋ፣ ምሳ ቤቱ፣ የጋራ ሽንት ቤቱ፣ መኪናችሁ ውስጥ የሚገባው ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና ኬላ ላይ ግንባራችሁ ላይ የሚደቀነው የሙቀት መለኪያ ናቸው። ከዚህ በታች አምስት ቦታዎች የተመዘኑት በነዚህ ነው። ውበታቸውን ሁሉም ያውቀዋል።

## እገዳ ሲባል ምን ሊመጣ ይችላል?

የ2012ቱን ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሳይወጣ ክልሎች በየፊናቸው የሕዝብ ማመላለሻ አቆሙ። መጋቢት 30 ለ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰባሰብ ተከለከለ፣ የሕዝብ መኪና በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተደረገ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። አዋጁ ካበቃ በኋላ በመስከረም 2013 የወጣው መመሪያ ላላ ያለ ነበር፤ ማስክ ግዴታ፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ርቀት በሁለት የአዋቂ እርምጃ።

ከዚህ ውስጥ ጉዞን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሰው ቁጥር ነው። አራት ሆናችሁ ሚኒባስ በኮንትራት ብትይዙ አምስተኛው ሰው መሪ ላይ ተቀምጧል፤ ስትቆጥሩ ሹፌሩን ቁጠሩ። ሁለተኛው የክልል ወሰን ነው። እያንዳንዱ ክልል ለብቻው የሚወስን ከሆነ፣ የምትሻገሩት እያንዳንዱ ወሰን በሄዳችሁበት ቀን ክፍት ሆኖ በምትመለሱበት ቀን ሊዘጋ ይችላል። አንድ ወሰን ያለው ጉዞና ሁለት ወሰን ያለው ጉዞ አንድ አይደሉም።

የጸጥታ ጉዳይ እዚህ አልተመዘነም። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ከወረዳው ወይም ከቦታው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ የተቀረውን ንጽጽር ማንበብም አያስፈልግም።

## በምን እንመዝን?

ማቆሚያ። ከቤት ወጥቶ ድንኳን እስኪተከል ስንት ጊዜ ከመኪና ይወረዳል? ትልቁ ምክንያት ነዳጅ ነው። ታንከሯ 42 ሊትር የሆነች፣ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የምትጠጣ የቤት መኪና አንዴ ከተሞላች 460 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ደርሶ መልሱ ከዚህ በታች ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ሞልታችሁ፣ ምግቡን ከቤት ይዛችሁ፣ መንገድ ላይ ማንንም ሳትነኩ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚህ ከበለጠ ማደያ ግድ ነው፤ ማደያ ካለ ሽንት ቤት አለ፣ ሽንት ቤት ካለ ቡና አለ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የጋራ ነገር። ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ ማብሰያ ክፍል፣ ጀልባ፣ የፈረስ ኮርቻ። ጣሪያና ግድግዳ ያለው የጋራ ክፍል ከሁሉም የከፋ ነው።

አስገዳጅ ሰው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለማደር ስካውት ግድ ነው። ስካውቱ የራሱ መኪና የለውም፤ ከመግቢያው በር እስከ ማረፊያው የሚሄደው በእናንተ መኪና ነው። አምስት ሰው በምትጭን መኪና አራት ሆኖ የሄደ ቡድን ስካውቱን መሐል ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ያስቀምጣል።

ምልክት የሚያምታታ ቦታ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ቆላ ወባ አለ፤ ወባ ትኩሳት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠርና ደረቅ ሳል ከከፍታው ብቻ ይመጣሉ። ኬላ ላይ ሙቀት በሚለካበት ወቅት ሁለቱም ዓይነት ቦታ ጤነኛውን ሰው ታማሚ ሊያስመስለው፣ ይባስ ብሎም እውነተኛ ታማሚውን «ከፍታው ነው» አስብሎ ሊያዘገየው ይችላል።

መመለሻ። ሌሊት አንድ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ስንት ሰዓት ይርቃል?

ቢሰረዝ። ቀብድ የሚጠይቅ ቦታ በእገዳ ወቅት ገንዘብ ይዞ ሊቀር ይችላል። ሲደርሱ የሚከፈልበት ይሻላል።

## መናገሻ ሱባ፦ ቅርቡ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ጥብቅ ደን ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ጽድ እንደተተከለበት ይነገራል፤ ሐቁ ምንም ይሁን፣ ዛፎቹን ያየ ሰው ዕድሜያቸውን አይጠራጠርም። በሰበታ በኩል ሲገባ ደርሶ መልሱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጅ ማሰብ አያስፈልግም፣ አንድ ወሰን ብቻ ይሻገራል፣ ሰው ቢታመም ሌሊትም ቢሆን ወደ ከተማ መመለስ ይቻላል። በእገዳ ሚዛን የሚወዳደረው የለም።

ድክመቱ መንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ያለው ጥርጊያ ዝናብ ሲጥል ያንሸራትታል፤ ዝቅ ያለች መኪና ሆዷ ድንጋይ ይመታል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ባለ አራት ጎማ ጎታች ከሌላችሁ ተዉት። ማገዶ መልቀም አይፈቀድም፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ በደረቀ ቅጠል ስለሚሸፈን ክፍት እሳት ማንደድ ደን ማቃጠል ነው። በጋዝ ምድጃ ብቻ አብስሉ። ሌላው ችግር ቅርብነቱ ራሱ ነው፤ ከተማው ሲዘጋ እሑድ እሑድ ግማሹ ከተማ እዚያ ይወጣል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትሄዱ ጉሬዛውና ድኩላው የእናንተ ናቸው።

## ወንጪ፦ ቅዝቃዜ ለሚችል

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ ነው፤ ውኃው 2,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዙሪያውን ያለው ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ። ደርሶ መልሱ 310 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በአንድ ታንከር ይዘለቃል። በወሊሶ ሄዶ በአምቦ መመለስም ይቻላል፤ አንዱ ኬላ ቢጠብቅ ሌላው አማራጭ አለ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የአካባቢው ማኅበር አስጎብኚና ፈረስ በተራ ያሠማራል። አስጎብኚው በእግር ስለሚሄድ፣ መኪና ውስጥ ስለማይገባ፣ ከፊት በሁለት እርምጃ ሆኖ መምራት ይችላል፤ ከአዋሽ ስካውት ጋር ሲነጻጸር ችግሩ ቀላል ነው። ፈረስ ከያዛችሁ ልጓሙና የኮርቻው እጀታ ከእናንተ በፊት ብዙ እጅ ያየ ስለሆነ ከወረዳችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ፤ እስከዚያ ፊት አይነካም። ወደ ቂርቆስ ደሴት የሚያሻግረውን ጀልባ በእገዳ ወቅት ከሌላ ቡድን ጋር አትጋሩ፤ ለብቻችሁ ካልያዛችሁት ይቅር።

ከ2013 ጀምሮ ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ መልኩ ብዙ ተቀይሯል። ድሮ ድንኳን ይተከልበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ላይፈቀድ ስለሚችል የማደሪያውን ቦታ ትኬት ሲቆረጥ በግልጽ ጠይቁ፤ በአሮጌ ፎቶ አትሂዱ።

ሌሊቱ ለዜሮ ይቀርባል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከላይ ብርድ ልብስ ይደራርብና ከታች ቀጭን ሸራ ላይ ይተኛል። ቅዝቃዜው ከመሬት ነው የሚመጣው። ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ቀንሳችሁ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ አንጥፉ።

## ላንጋኖ፦ ለቤተሰብ፣ ግን በሥራ ቀን

ከከተማው በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ። ውኃው ቡናማ የሆነው ደለል ስለሚንሳፈፍበት ነው፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል የሚዋኝበት ሰው ብዙ ነው። ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ሌሊቱ ይመቻል። ደርሶ መልሱ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነዳጁ ለጥቂት ይበቃል፤ ሞጆ ላይ ትራፊክ ከያዛችሁ ግን አይበቃም። በጀሪካን መያዝ አደገኛ ስለሆነ፣ ከተጠራጠራችሁ ስትመለሱ ባቱ ላይ ጨምሩ።

ችግሩ የጋራው ነገር ነው። ማደሪያዎቹ በአብዛኛው የሪዞርት ግቢዎች ናቸው፤ ድንኳን የተከለ ሰው ሻወርና ሽንት ቤት ይጋራል፣ ቅዳሜ ማታም ሙዚቃና ጭፈራ አለ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያው ቦታ ሌላ ቦታ ይሆናል። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ድንኳን በድንኳን መካከል ስንት ሜትር ትተዋላችሁ? መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? መልሱን በጽሑፍ መልእክት ተቀበሉ። በስልክ «ችግር የለም» የተባለ ቀብድ ችግር አለበት።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ኃይለኛ ነፋስ ይነሳል። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ አሸዋ ላይ አይይዝም። አራት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ውሰዱ፤ አሸዋ ሞልታችሁ፣ ገመዱን አስራችሁ፣ ግማሹን ቅበሩት። በሩን ወደ ውኃው አታዙሩ።

ወባ አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የድንኳኑ መረብ በመሸ ጊዜ መዘጋት አለበት፤ ልጅ እየወጣ እየገባ ክፍት ያደረ መረብ እንደሌለ ነው።

## አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፦ ሞቃት፣ ሰፊ፣ ከስካውት ጋር

በፍጥነት መንገዱ አዳማ ደርሶ በመተሐራ በኩል የሚገባበት፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። ፓርክ ሲሆን 1958 ዓ.ም. ነበር። ሳላ፣ አዞ፣ ፏፏቴው፤ ማደሪያዎቹ በወንዙ ዳር ከጥላ ሥር ናቸው። በስፋቱ ከሌላ ጎብኚ ጋር ሳትገናኙ ሁለት ቀን ማደር ይቻላል። ደርሶ መልሱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ በፓርኩ ውስጥ የሚነዳው አለ፤ ስለዚህ አንድ ታንከር አይበቃም፣ አዳማ ላይ መጨመር ግድ ይሆናል። አካባቢው የአፋርና የኦሮሚያ መገናኛ ስለሆነ ከሁለቱም በኩል ሊወሰን የሚችል ገደብ ያገኘዋል።

ስካውቱን እንዲህ አስተናግዱት፦ በአምስት ሰው መኪና ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። እሱ ከፊት ይቀመጥ፣ አራቱም መስኮት ይከፈት፣ ሁሉም ማስክ ያድርግ፣ ማቀዝቀዣው ይጥፋ። ሰሃኑ፣ ኩባያው፣ ማንኪያው ለብቻ ይሁንና በስሙ ምልክት ይደረግበት፤ ምግቡ ግን ከናንተው ድስት ይቅረብለት፣ ለብቻው ኮቾሮ ሰጥቶ ማራቅ ነውር ነው። አበሉን ቆጥራችሁ በፖስታ አዘጋጁ።

ጦጣና ዝንጀሮ የድንኳን ዚፕ መክፈት ለምደዋል፤ የማይከፈት ሲሆን ይቀዱታል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ፣ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ከወንዙ ውኃ መቅዳትም መዋኘትም የለም፤ አዞው ለእገዳ አይገዛም። ውኃ በሰው በቀን 8 ሊትር ያዙ፤ ለሦስት ሰው ሁለት ሌሊት ማለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ትንሽ ተጨማሪ ነው።

## ጓሳ፦ ሩቁ፣ ከሰው የራቀው

ከመሐል ሜዳ አጠገብ፣ በመንዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ደርሶ መልሱ 530 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሕዝቡ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ የማቆየት፣ ቄሮ የሚባል ከ17ኛው መቶ ዘመን የመጣ ሥርዓት አለው፤ ስለዚህ እዚያ «ተዘግቷል» ከተባለ ተዘግቷል፣ በር ላይ ደርሶ መለማመጥ አይሠራም። ደውላችሁ ሂዱ።

ከሰው መራቅን ብቻ ለሚፈልግ ከጓሳ የሚበልጥ የለም፦ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጓሳ ሣር፣ ነፋስ። የማኅበረሰቡ ሎጅ ትንሽ ስለሆነ ማብሰያውና ሳሎኑ የጋራ ነው፤ ወይ ሙሉውን ያዙት ወይ ከውጭ ድንኳን ትከሉ። ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ በሽታዎች ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚጨርሱ ናቸው፤ ለእሱ ወረርሽኙን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ትሆናላችሁ።

የከፍታው ነገር እዚህ ጎልቶ ይወጣል። በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ተራ የከፍታ ሕመም ግን ትኩሳት አያመጣም፤ ከራስ ምታቱ ጋር 38 ዲግሪ ካለ ከፍታ ነው ብላችሁ አትለፉት። በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ የያዘ ሰው ደግሞ በሌላ ነገር ይደነግጣል፦ በአዲስ አበባ ከ94 በላይ ሲያነብ የኖረው መሣሪያ በ3,400 ሜትር ላይ በጤነኛ ሰው ጣት 90 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ያነባል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ የሁሉንም ለኩና ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የአንዱ ሰው ቁጥር ከሌሎቹ ተለይቶ ሲወርድ ነው። ከወረደ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን ውረዱ፤ ሲነጋ እናያለን አይባልም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የቡቴን ጋዝ በዜሮ አካባቢ ወደ ጋዝነት መቀየር ስለሚያቅተው ጠዋት ምድጃው ይተኛል፤ ሰው ጋዙ አልቋል ብሎ ይጥለዋል። ቆርቆሮውን ማታ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ፤ እሳት ዳር አታስጠጉ።

ሰሜን ተራሮችና ባሌ ያልተካተቱት ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ሄዶ ለሁለት ሌሊት አድሮ መመለስ ስለማይመች ነው። ብዙ ወሰን፣ ብዙ ማቆሚያ፣ ምናልባትም አውሮፕላን፤ እነሱ የሰላሙ ጊዜ ጉዞ ናቸው።

## በአንድ ዕይታ

| ቦታ | ደርሶ መልስ (ኪ.ሜ. ገደማ) | በአንድ ታንከር? | ሌሊቱ | የሚያምታታ ምልክት | ጎልቶ የሚታየው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| መናገሻ ሱባ | 100 | አዎ፣ በትርፍ | ቀዝቃዛ | የለም ማለት ይቻላል | የክረምት መንገድ፣ የእሑድ ሕዝብ |
| ወንጪ | 310 | አዎ | በጣም ቀዝቃዛ | ከፍታ | የማደሪያው ቦታ ተለዋዋጭ ነው |
| ላንጋኖ | 400 | ለጥቂት | ለስላሳ | ወባ | የጋራ ሽንት ቤት፣ ቀብድ |
| አዋሽ | 430 እና የፓርኩ ውስጥ | አይ | ሞቃት | ወባ | ስካውት በመኪና፣ ሁለት ክልል |
| ጓሳ | 530 | አይ | ውርጭ | ከፍታ፣ በጣም | ርቀት፣ ነዳጅ፣ ወሰን |

## ለማን የትኛው?

መኪና ለሌለው ነገሩ ከባድ ነው። በግማሽ የሚጭን ሚኒባስ እጥፍ ያስከፍላል፤ ከወረዱ በኋላ ባጃጅ አለ፤ በመመለሻው ቀን መኪና ላይገኝ ይችላል። ሦስት ሰው ሆኖ መናገሻ ድረስ ኮንትራት መያዝ፣ ሹፌሩም አድርሶ ተመልሶ እንዲመጣ መነጋገር ይሻላል። ግማሹን ሲያደርስ፣ ግማሹን ሲመልስ ክፈሉ። ሹፌሩን አብሮ አሳድሮ መኪና ውስጥ ማስተኛት ገንዘብም ሰውም ይጎዳል።

ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ላንጋኖ ይሂድ፤ ለራሱ ሽንት ቤት መፍትሔ ካዘጋጀ ማለት ነው። የገላ መታጠቢያ ድንኳን፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ወፍራም ፌስታልና የእንጨት ፍቅፋቂ ይበቃሉ። ይህ ካልተቻለ የጋራውን ሽንት ቤት ከመጠቀም በፊት እጀታውንና መቀመጫውን በበረኪና ውኃ ጥረጉ፦ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

አረጋዊ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ወንጪም ጓሳም አይሆኑም። መናገሻ አንድ ሌሊት፣ ወይም ከዚያም የተሻለ፣ ግቢ ውስጥ። በግቢ ድንኳን መትከል ቀልድ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ሲዘጋ የሚቀረው እሱ ነው፤ ለሩቁ ጉዞም መሞከሪያ ይሆናል። በዚያች ሌሊት የጎደለው ነገር ሁሉ ጓሳ ላይ ይጎድል ነበር።

ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች፣ ጥሩ መኪና፣ የሦስት ቀን ጊዜ ካላቸው ጓሳ። ማደያ ላይ አንዱ ብቻ ይውረድ፣ ማስክ አድርጎ፣ ትክክለኛ ብር ይዞ።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ወንጪን ያስብ። መግቢያ፣ መኪና፣ ድንኳንና አስጎብኚ በየፊናቸው ይከፈሉ ይሆናል፤ «በጠቅላላው ስንት?» ብላችሁ በአንዴ ጠይቁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው አምስት ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ የሚያሳድሩ አሉ፤ ለሦስት ሰው ተብሎ የተሸጠ ድንኳን የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ድንኳን፤ በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 4 ሜትር፤ የላይኛው መተንፈሻ አይዘጋም።

## የትም ብትሄዱ የሚያስፈልገው

እጅ መታጠቢያው ቀላል ነው። የ5 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በጋለ ሚስማር ሁለት ቦታ ብሱ፣ ዛፍ ላይ ወይም በመኪናው ዕቃ መጫኛ ላይ ዘቅዝቃችሁ እሰሩ፣ ሳሙናውን በካልሲ ውስጥ አድርጋችሁ ከጎኑ አንጠልጥሉ። አንድ ሃይላንድ ለአራት ሰው ግማሽ ቀን ይሆናል።

ምግብ ከቤት የተሠራ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ምሳና ራት የማይሞቅ፦ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቋንጣ ፍርፍር ወይም የጾም ከሆነ ሱፍ ፍትፍት። በከፍታ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም፣ ጋዝ ይጨርሳሉ፤ ሽሮ ግን ይበስላል። የመጠጥ ውኃ ከምንጭ ከተቀዳ ከ2,000 ሜትር በላይ እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ወንጪና ጓሳ ላይ ሰው የሚገድለው ከሰል ነው። ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ይገባል፣ ዚፕ ይዘጋል። ሽታ የሌለው ጭስ ተኝቶ የነበረውን ሰው እንደተኛ ይወስደዋል፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ቢሆንም ያው ነው። በምትኩ ውኃ አፍልታችሁ በሃይላንድ ሳይሆን በብረት ወይም በወፍራም ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ።

የአካባቢው ሰው ቡና ይጠራል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ቤት መግባት ደግሞ የከተማውን በሽታ ጤና ኬላ እንኳ ሩቅ ወደሆነበት መንደር ይዞ መግባት ነው። የራሳችሁን ሲኒ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደጃፍ ላይ፣ ውጭ፣ ቆሎውን ለየብቻ ተዘግኖ። ሰላምታው እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ነው፤ ለሽማግሌ ይህ ከመጨባበጥም የበለጠ ክብር ነው፣ ቅር አይሰኙም።

ኬላ ከመድረሳችሁ 10 ደቂቃ በፊት የፀሐዩን መስኮት ጋርዱ፣ ኮፍያ አውልቁ። በፀሐይ የጋለ ግንባር መለኪያውን ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ካለ አትከራከሩ፤ ጥላ ሥር ጥቂት ቆይተው ድጋሚ እንዲለኩ፣ ከተቻለም በብብት እንዲለኩ ጠይቁ።

ከላንጋኖ ወይም ከአዋሽ የተመለሰ ሰው ከሳምንት በኋላም፣ ከወር በኋላም ትኩሳት ቢያገኘው ጤና ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው «ቆላ አድሬ ነበር» ብሎ፣ የትና በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ለወረርሽኙ ናሙና ሲሰጥ በዚያው ቀን ለወባም ደም እንዲታይለት ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ነው ቢባል ሁለተኛውን ሳያደርግ ወደ ቤት አይሂድ።